የኩይሳው ሜዳ አሠልጣኝ

ከነገሌ ቦረና የተደወለልኝ ስልክ በሰላምታ ጀመረ፤ ሰላምታው ግን አላልቅ አለ። ደዋዩ በገበያው ዳር ስኳርና ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት አቶ አደም ነበሩ፤ ልጃቸውን ጀሚላን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬላቸዋለሁ። «አካም፣ መምህርት? ናጋ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቡሌ ሆራ ዘነበ ወይ? ቤተሰብ ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሴን ከሰሙ በኋላ እንደገና ከጤናዬ ጀመሩ። አቶ አደም ነገር የሚያስረዝሙ ሰው አይደሉም። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሽ መንገሻን ትንሽ አሟቸዋል፤ ሲመችዎ ብቅ ቢሉ መልካም ነው» አሉኝ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ትንሽ ላመመው ሰው ደግሞ ያን ያህል ሰላምታ አይቀድምለትም። ስልኩን ዘግቼ እስክሪብቶዬን በማርመው የፈተና ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። ጋሽ መንገሻ እንደ ሞቱ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። በማግሥቱ ማለዳ ነጠላዬን ደርቤ፣ መኪና እየለወጥኩ ወደ ነገሌ ስጓዝ ዋልኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙት ቀያይ ኩይሳዎች ከእሳቸው በቀር ሌላ ነገር እንዳስብ አልፈቀዱልኝም።

መጀመሪያ ያየኋቸው ኩይሳ ሲያፈርሱ ነውና። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ነገሌ በተመደብኩበት ዓመት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሰው ቁመት በሚበልጥ የምስጥ ጉብታ ሥር አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ዶማ ይዘው ቆመው አየሁ፤ ተማሪዎች አፈሩን በጆንያ ይሞላሉ። አፈሩ ለምን እንደሚፈለግ ጠየቅኋቸው። «ለቴኒስ ነዋ» አሉኝ፣ ሲሚንቶ ለግድግዳ ነው እንደሚል ሰው። ምስጥ አፈሩን አኝኮና አቡክቶ እንደሚተወው፣ ያ አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ሊሾ እንደሚጠጥር አስረዱኝ። ከዚያ ወደ ፈረሰው ጉብታ ዘወር ብለው፣ የምር በሚመስል ድምፅ፣ ምስጦቹን ይቅርታ ጠየቁ። ተማሪዎቹ አልሳቁም፤ ለምደውታል።

ጋሽ መንገሻ የስፖርት መምህር ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው በነገሌ ጦር ሰፈር ያገለገሉ ወታደር ስለነበሩ ልጅነታቸው ያለፈው በመኮንኖች ክበብ አጥር ዙሪያ ነው። ክበቡ የሲሚንቶ ቴኒስ ሜዳ ነበረው፤ እሳቸውም ለመኮንኖቹ ኳስ በማቀበል ጀምረው፣ ተጫዋች ሲጓደል እየተጠሩ ጨዋታውን ለመዱ። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ ሜዳው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ተሰነጣጠቀ። ጋሽ መንገሻ ግን ጨዋታው ከነገሌ ተጠራርጎ እንዲወጣ አልፈቀዱም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ መሬት ለምነው፣ የኩይሳ አፈር ደልድለው፣ መረብ ከጆንያ ገመድ አሠርተው የራሳቸውን ቀይ ሜዳ አበጁ። ራኬቶቹ ከየሰው የተለመኑ ነበሩ፤ ጅማታቸው ሲበጠስ እሳቸው ራሳቸው በናይለን ክር ይጠግኑታል።

ሜዳው ውኃ ይፈልጋል፤ ካልተረጨ ይሰነጠቃል። አንድ ክፉ የድርቅ ዓመት አርብቶ አደሮች የከሱ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ከተማው ሲጠጉ፣ ጋሽ መንገሻ ለሜዳው ያጠራቀሙትን በርሜል ሁሉ ከፈቱላቸው። «ሜዳ ቢጠማ አይሞትም» አሉ። ሜዳው ተሰነጣጠቀ፤ ኳሷም እንደ ፌንጣ ያልታሰበበት ትዘል ጀመር። ልምምዱን ግን አላቋረጡም። ልጆቹ ሲያማርሩ፣ «ወዴት እንደምትነጥር መሬቱም አያውቅም፤ እናንተ እወቁላት» ይሏቸው ነበር። ሌላም አባባል ነበራቸው። ኳስ በኩይሳ አፈር ላይ ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱ ከመስመር ውስጥ ይሁን ከመስመር ውጭ ሳይለይ ሲቀርና ልጆች ሲከራከሩ፣ «ጥርጣሬ የባላጋራ ነው» ብለው ነጥቡን ለወዲያኛው ይሰጣሉ። በእሳቸው ሜዳ ያደገ ልጅ ሲጠራጠር ራሱን መቅጣት ይለምዳል።

አንድ ነገር ከአፋቸው አይወጣም ነበር፤ ምስጋና። ልጅ የቱንም ያህል ግሩም ኳስ ቢመታ «ጎበዝ» አይሉም። ይልቁንም ፊታቸውን አዙረው ከሜዳው ማዶ ያለውን ኮረብታ ጥቂት ያያሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ስለ እግር አቋቋሙ ወይም ስለ ክንዱ አያያዝ እንከን ፈልገው ይናገራሉ። ልጆቹ የተከፉባቸው ይመስላቸው ነበር። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ሻይ ስንጠጣ ጠየቅኋቸው።

«እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች» አሉኝ። «እኔን ሰው ፊት በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ አንተ ውሻ ነው የምትለኝ። ጎረቤት ‹ልጅሽ እንዴት አምሯል› ብትላት ጥላሸት አንሥታ ፊቴን ቀባችኝ። ይኸው ኖርኩ።»

«ያምኑበታል?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መምህርት። ግን ዐይን ባይበላውም እንኳ የተመሰገነ ልጅ በቃኝ ብሎ ይቀመጣል።»

ያንን ሲሉ ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር። እኔም ስለ ሌላ ነገር ለማውራት ያህል፣ ከእኔ ጋር የተማረች ጓደኛዬ ከባሕር ማዶ የነገረችኝን አነሣሁ፤ እዚያ አገር ኮሌጆች የቴኒስ ቡድን እንዳላቸው፣ ከየትም አገር የመጣ ጥሩ ተጫዋች ለቡድኑ እስከተጫወተ ድረስ ትምህርቱን በነፃ እንደሚያስተምሩት። ማንኪያው ቆመ። ደጋግመው አስነገሩኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚያን ልጆች የት ይደርሳሉ ብለው እንደሚያሠለጥኗቸው እሳቸውም ያውቁ አይመስለኝም፤ ጨዋታው እንዳይጠፋ ብቻ ነበር የሚደክሙት። ከዚያ ወዲያ ግን ሜዳው በር ያለው ሆነ። እሳቸው ሲያሠለጥኑ እኔ እንግሊዝኛውን ማስጠናት፣ ኮሌጆችን መፈለግና መጻጻፍ ያዝኩ።

ጀሚላ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሻሿን በጥንቃቄ አስራ በረጅም ሱሪ የምትጫወት። ወደ ሜዳው የመጣችው ወንድሟን ለምሳ ልትጠራ ነው፤ እሱ ጫማውን እስኪያስር ራኬቱን አንሥታ ግድግዳ ላይ ስትመታ ጋሽ መንገሻ አዩአት። በዚያው ሳምንት ወደ አባቷ ሱቅ ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ስለነበርኩ ክርክሩን ሰምቻለሁ። አቶ አደም ሴት ልጅ ኳስ ስታሯሩጥ ውላ ምን እንደምትሆን ጠየቁ። ጋሽ መንገሻ ባሕር ማዶ ሄዳ እንደምትማር ነገሯቸው።

«ኦቦ መንገሻ፣ ፍየሎቼም ቀኑን ሙሉ ይሯሯጣሉ» አሉ አቶ አደም። «እስካሁን አንዳቸውም አልተማሩም።»

«ፍየሎችህማ መረቤን በሉት እንጂ መቼ ተጫወቱበት።»

አቶ አደም ሣቁ፤ የሣቀ ነጋዴ ደግሞ ግማሽ መንገድ መጥቷል። ልጅቷ ከመግሪብ በፊት ቤት እንድትገባ፣ ልብሷም እንደ ደንቡ እንዲሆን ተስማምተው ፈቀዱ። ነገር ግን ገደብ አበጁ። ትምህርቷን እስክትጨርስ ከባሕር ማዶ የሚፈልጋት ካልተገኘ ሱቁ ውስጥ ትቆማለች፤ ወንድሟ ነግዶ የሚያድር ዐይነት ልጅ አልነበረምና።

ጀሚላ የተሰነጠቀው ሜዳ ልጅ ናት። ያ የማይታመን መሬት ለሌሎቹ መከራ ሲሆን ለእሷ ትምህርት ሆነላት። ከሰዓት በኋላ የቆላው ነፋስ ሲነሣና ሌሎቹ ዐይናቸውን ሲጨፍኑ እሷ ትረጋለች። ጋሽ መንገሻ ኮረብታውን የሚያዩበት ጊዜ በዛ። እሷ ግን የምታየው ጀርባቸውን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ስንጨርስ ወደ እኔ ቀርባ፣ ጋሽ ከእሷ ጋር ሲሆኑ ቶሎ የሚሰለቹት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዳልሰለቹ፣ ጠባያቸው እንደሆነ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ለጨዋነት እንጂ አምናኝ አልነበረም።

የመጨረሻው ዓመት ሲመጣ ኮሌጆቹ ጨዋታዋን በቪዲዮ ማየት ፈለጉ። በነገሌ ካሜራ ያለው የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ስለነበር እሱን ጠራነው። ሥራውን በትጋት ሠራ። ቪዲዮው በጽጌረዳ ተከፈተ፤ የጀሚላ ስም በወርቅማ ፊደል እየተሽከረከረ መጣ፤ ካሜራው የተመልካቹን ፊት አንድ በአንድ ዞረ፤ ጀሚላ ላብዋን ስትጠርግ በዝግታ ታየች፤ ከበስተጀርባ የሠርግ ዘፈን አለ። ኳሷ ግን አንድም ጊዜ መሬት ስትነካ አትታይም። ጋሽ መንገሻ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዩ በኋላ፣ «ዳራት እኮ! እኔ ስትጫወት ቅረጻት አልኩት እንጂ ዳርልኝ አላልኩትም» አሉ። አቶ አደም ደግሞ ታሪኩን ሲሰሙ ሙሽራው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። በሁለተኛው ጊዜ ጋሽ መንገሻ ቀራጩን ውኃ ማጠራቀሚያው ማማ ላይ አውጥተው፣ ካሜራውን አንዴ ካስተካከለ በኋላ እንዳይነካው አዘዙት። እኔ ጥሩ ጥሩው ብቻ ተቆርጦ ይላክ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የሳተችውም ካልታየ ውሸት ይሆናል ብለው ሙሉውን አስላኩኝ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ አንድ አሠልጣኝ መለሰ። ቀይ አፈሩ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ በእንደዚያ ያለ መሬት ላይ እንዲያ የምትንቀሳቀስ ልጅ ማነጋገር እንደሚፈልግም ገለጸ። በቀጠሮው ቀን በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ሦስታችን በአንድ ስክሪን ፊት ተቀመጥን። ሰውየው ደስ የሚል ፊት ነበረው። ጀሚላን ከጨዋታዋ የሚደነቀው ምኑ እንደሆነ ጠየቃት። ጀሚላ እንደ ደንቡ ዐይኗን ወደ ጉልበቷ ጥላ፣ ገና እየተማረች እንደሆነ፣ የሚያውቁት አስተማሪዋ እንደሆኑ በጥሩ እንግሊዝኛ መለሰች። ሰውየው ወደ ጋሽ መንገሻ ዞረ። እሳቸውም አሰብ አድርገው፣ «ገና ናት። ግን የነገሯትን ትሰማለች» አሉ፤ እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። ነገሌ ላይ ይህን የሰማ ወላጅ በደስታ ያድር ነበር። ሰውየው አመስግኖ ተሰናበተን።

መልሱ ሲመጣ አጭርና ጨዋ ነበር። በራሷ የምትተማመን ተጫዋች እንደሚፈልግ፣ አሠልጣኟም ቢሆኑ ስለ እሷ እርግጠኛ የሆኑ እንዳልመሰለው ይናገራል።

ጋሽ መንገሻ ፊት ሳነበው መጀመሪያ ተቆጡ። «ታዲያ ልጅቷ ፊቱ ተቀምጣ ‹ጎበዝ ነኝ› ትበለው? እኔስ እሷ እየሰማች ላወድሳት? ምን አሳዳጊ የበደላት ባለጌ ናት አይለንም?»

«እዚያ አገር እንደዚያ አይደለም፣ ጋሽ» አልኳቸው። «ዝም ያለ ሰው የመሰከረ ነው የሚመስላቸው፤ በእሷ ላይ የመሰከሩባት ነው የመሰለው።»

ወደ ሜዳው ወጥተው ውኃ ይረጩ ጀመር። ጠዋት የተረጨ ሜዳ ነበር፤ እስኪጨቀይ ድረስ ረጩት። በዚያን ዕለት ልምምድ አልነበረም።

ከቀናት በኋላ ሰውየውን እንደገና እንዳገናኛቸው ለመኑኝ። እሱም ፈቀደ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ጀሚላ እንደ ልማዷ ቀድማ መጥታለች። ለመስመሩ ኖራ እንድትገዛ ወደ ገበያ ላኳት። ከአጥሩ ውጭ እስክትርቅ በመስኮት ተመለከቷት፤ ከዚያም የክፍሉን በር ዘግተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። ሰውየው በስክሪኑ የሚያየው ደረታቸውን ብቻ ስለነበር ኮምፒውተሩን ወደ ላይ ቀና አደረግሁት። ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ምስክር ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እኔ ልጅ አላመሰግንም» ብለው ጀመሩ። «ዛሬ ግን እሷ የለችምና እነግርሃለሁ። በዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ልጆች አሳድጌአለሁ፤ እንደ እሷ ያለ አላየሁም። ኳሷ ከባላጋራዋ እጅ ሳትወጣ የት እንደምትወድቅ ታውቃለች። ሌላው ነፋሱን ይረግማል፤ እሷ ነፋሱን ታጫውተዋለች። ስትሸነፍ አታለቅስም፤ ስታሸንፍ የተሸነፈችውን ልጅ ራኬት አንሥታ ትሰጣታለች። እኔ ያስተማርኳት ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ ቆሜ ነው የማያት። ፊቴን የማዞረው ዐይኔ እንዳይበላት ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም አሉ። ተርጉሜ ስጨርስ ሰውየው ይጠብቃቸው ነበር።

«እኔ ልጅ የለኝም። ሚስቴም አርፋለች። ግን ልጅ ስጠኝ ብዬ እግዜርን እለምን በነበረበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለችውን ስጠኝ ብዬ ለመለመን አፍር ነበር። ይበዛብኛል። በል፣ ይኸው ነው።»

ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ፣ «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፣ መምህርት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ጀሚላ ኖራውን ተሸክማ ስትመለስ፣ ለምን እንደዘገየች ጠይቀው ወደ ልምምድ አስገቧት።

ሰውየው ተቀበላት። አቶ አደም በግ አረዱ፤ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። በሄደችበት ማለዳ መናኸሪያው ውስጥ እናቷ ታለቅሳለች፣ አባቷ ሻንጣውን ስንት ጊዜ እንደሚያስሩት አያውቁም። ጋሽ መንገሻ ተራቸው ሲደርስ ጉንጯን ስመው፣ «ከግራ የሚመጣውን ስትመልሺ ጉልበትሽ አሁንም ቀጥ ይላል። እጠፊው» አሏት። ጀሚላ አለቀሰች። ሁላችንም የመለየት እንባ ነው ብለን አሰብን። እሳቸውም ባጃጅ ሳይሳፈሩ በእግራቸው ወደ ሜዳው ተመለሱ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደኅና ነበረች። የማሸነፏን ወሬ አባቷ በገበያው ያሰራጩታል፤ ጋሽ መንገሻ ሲነገራቸው ኮረብታውን ያያሉ። በኋላ የወሰዳት አሠልጣኝ ሥራውን ለቀቀ። አዲሱ የእሷን አጨዋወት አልወደደውም፤ ተቀማጭ አደረጋት፣ ስትገባም መሸነፍ ጀመረች። በዚያን ጊዜ እኔ ወደ ቡሌ ሆራ ተዛውሬ ነበር። ስልክ ደውላልኝ፣ ቡድኑን ልተወው ነው፤ ግን ጋሽን ሳልጠይቅ አልወስንም አለችኝ። ቡድኑን ከተወች የነፃ ትምህርቷም እንደሚቀር ታውቃለች። ከእሳቸው የፈለገችው አንድ ቃል ነበር። ደወለችላቸው፤ የመለሱላትን ሁለቱም በየራሳቸው ነግረውኛል፣ አንድ ዐይነት ነው። «አንቺ ታውቂያለሽ ልጄ። ብቻ ጤናሽን ጠብቂ።»

ቡድኑን ተወች። በሥራ እየደከመች ትምህርቷን በሌላ ኮሌጅ ዘግይታ ጨረሰች፤ ዛሬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፣ ኑሮዋም ደኅና ነው። ራኬት ግን ዳግም አልያዘችም።

ጋሽ መንገሻ ለዐይናቸው ሕክምና ፍለጋ ወደ እኛ በኩል ሲመጡ ቤቴ አረፉ። ምሳ ላይ ሳለን፣ ያቺ ልጅ የተወችው ጨዋታው ስለከበዳት ሳይሆን የማትረባ ስለመሰላት እንደሆነ ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። ከዚያም ስልክ እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ። ጀሚላ አነሣች። እኔ ልወጣ ስል በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። ስለ ዝናቡ ነገሯት። መንገድ ሠራተኞች ከከተማው ዳር ያለውን ትልቁን ኩይሳ እንዳፈረሱት ነገሯት። ፍየል እንደገና መረቡን እንደበላ፣ አባቷ ግን ፍየሉ የሱ አይደለም ብሎ እንደካደ ነገሯት። በመሃሉ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ሲጠሩት ሰምቼ የማላውቀውን ስሟን፣ «ጀሚላ» ብለው ጠርተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ ዝናቡ ተመለሱ። ስልኩን ሲመልሱልኝ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«ነገርኳት» አሉኝ።

ምን ብለው እንደነገሯት ጠየቅኋቸው።

«ስሟን ጠራሁት እኮ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዐይናቸው እየደከመ ሄደ። ጡረታ ወጡ፤ ሜዳው ላይ አዲስ የመማሪያ ክፍል መሠረት ተቆፈረ፤ እሳቸውም በቀረችው ግማሽ ላይ ትንንሾቹን ልጆች ኳሷን በድምፅ እየለዩ ያሠለጥኑ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ነገሌ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ የተተከለው በቤታቸው ደጅ ነው፤ በአንድ ወገን ካህናቱና የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ በሌላው ወገን አቶ አደምና የገበያው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ልጅ ስላልነበራቸው እንግዳ የሚቀበሉት አቶ አደም ነበሩ። «በስልክ አልነግርዎ ብዬ ነው» አሉኝ። እንደገባኝ ነገርኳቸው። ጥቂት እንደ ተቀመጥኩ ስልካቸው ጠራ፤ አይተውት ሳያነሡ ለእኔ አቀበሉኝ። ጀሚላ ነበረች። ከድንኳኑ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩ።

አልቅሳ የጨረሰች ሰው ድምፅ ነበራት። ከመጽናናቱ በኋላ፣ «መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ያን ቅዳሜ ኖራ ግዢ ብለው ላኩኝ። መጋዘኑ ውስጥ እኮ ኖራ ሞልቶ ነበር፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለሰውየው ምን ብለውት ነው?»

ይህ ነገር ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ ያሉኝ ሰው አሁን ከመሬት በታች ናቸው። ነገርኳት። የተረጎምኩትን እንግሊዝኛ ሳይሆን የእሳቸውን አማርኛ፣ ከ«እኔ ልጅ አላመሰግንም» ጀምሬ «በል፣ ይኸው ነው» እስካሉት ድረስ ነገርኳት። ምንም አልጨመርኩም።

«ይህን ሁሉ?» አለች።

«ይህን ሁሉ።»

«ለእሱ?»

«ለእሱ፤ ቆመው።»

ከድንኳኑ ውስጥ የአቶ አደም ድምፅ ይሰማል፤ አዲስ ለደረሰ ለቀስተኛ ቦታ ያስለቅቃሉ። ጀሚላ እንደገና ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ወቀሳ አልነበረበትም፣ ነገሩን ለራሷ ለማስረዳት የምትሞክር ይመስላል።

«ሰውየው እኮ አያውቀኝም ነበር፣ መምህርት» አለች። «እኔ ነበርኩ እዚያ። በየቀኑ እዚያው ነበርኩ።»